ዕዳው ሳያልቅ መድኑ ቢያልቅ፤ በብድር ስለ ተገዛ መኪና ኢንሹራንስ የቀረበ ማብራሪያ

በጋምቤላ ከተማ፣ በተለይም በኒውላንድና በአካባቢው፣ ከባንክ ወይም ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም በተገኘ ብድር የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ገዝቶ መሥራት የታወቀ የንግድ መንገድ ነው። ይህም የሚያስመሰግን ነው፤ ሲሚንቶና ሸቀጥ ከመሐል አገር የሚያመጣ፣ ዓሣውንና ማንጎውን ወደ ደጋ የሚያወጣ መኪና ከሌለ ገበያው ይደርቃልና። ነገር ግን መኪናውን ለመግዛት የተጋውን ያህል ኢንሹራንሱን በየጊዜው ለማደስ የማይተጋ ባለመኪና አይታጣም። የብድሩ ዘመን ብዙ ዓመት ሲሆን የመድኑ ዘመን ግን በልማድ 12 ወር ብቻ ነው። የብድሩ ውል አንድ ጊዜ ከተፈረመ እስከ ፍጻሜው ይጓዛል፤ የመድኑ ውል ግን ቀኑ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ያበቃል። ስለዚህም ዕዳው ገና በሕይወት ሳለ መድኑ የሚሞትበት ጊዜ ይመጣል። በዚህ ጊዜ በመኪናው ላይ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ለእያንዳንዱ ተበዳሪ፣ እንዲሁም ለተበዳሪው ዋስ ለሆነ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ጋምቤላ ለባንክም ሆነ ለንግድ ውል እንግዳ አይደለችም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት ቡናው በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክም በጎሬና በደምቢ ዶሎ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል መሥሪያ ቤት ነበረው። በኢትዮጵያ የኢንሹራንስ ሥራ የተጀመረውም ይኸው ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን በሰጠበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. 13ቱ ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ለግል ኩባንያዎች በሩ እንደገና ተከፈተ። እንግዲህ ነገሩ በአገሩም በሕጉም የቆየ ነው፤ አዲስ የሆነው ባለመኪናው ሁሉ በብድር መግዛቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት የመድን ዓይነቶችን መለየት ይገባል፤ ብዙው ስሕተት የሚመጣው እነዚህን ከመደባለቅ ነውና። አንደኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ ሆኖ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የተተካ ሲሆን፣ መኪናው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ነው። በመስተዋት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር የዚህ ምልክት ነው፤ ያለ እርሱም ዓመታዊው ምርመራ አይፈጸምም፣ ቦሎም አይገኝም። ሁለተኛው ሙሉ ዋስትና የሚባለው ሲሆን፣ የባለቤቱን የራሱን መኪና ከግጭት፣ ከመገልበጥ፣ ከእሳትና ከስርቆት የሚጠብቅ ነው። የመጀመሪያውን የሚያስገድደው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስገድደው ግን አበዳሪው በብድሩ ውል ውስጥ ባስገባው አንቀጽ ነው። ስለዚህ በመስተዋቱ ላይ ስቲከር ያለበት መኪና ሁሉ ዋስትና ያለው ይመስላል እንጂ፣ ገደል ገብቶ ቢቃጠል ለባለቤቱም ሆነ ለባንኩ አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም። ትራፊክ ፖሊሱ ስቲከሩን አይቶ ማሳለፉ ስለ ሁለተኛው መድን የሚናገረው ነገር የለም።

አበዳሪው ሙሉ ዋስትናን የሚጠይቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። መኪናው ለብድሩ መያዣ ነው፤ ሊብሬው በባንኩ እጅ ይቀመጣል፤ በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም መኪናው እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር እገዳ ይመዘገባል። ቤት ቢሆን በቦታው ይኖራል፤ መኪና ግን በአንድ ቀን ከብረት ክምር በቀር ምንም ላይቀረው ይችላል። በዚህም ምክንያት ፖሊሲው የባለመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን የባንኩንም ጥቅም የሚገልጽ ሐረግ ይጨመርበታል፤ ይኸውም አደጋ ሲደርስ ካሣው አስቀድሞ ለባንኩ ቀሪ ገንዘብ እንዲከፈልና የተረፈው ለባለመኪናው እንዲሰጥ የሚያዝ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ሐረግ ቅር ይሰኛል፤ «እኔ ዓረቦን እየከፈልሁ ካሣውን ባንክ ይወስዳል» የሚል ቅሬታ በየገበያው ይሰማል። ነገር ግን ባንኩ የሚወስደው የባለመኪናውን ዕዳ ነው፤ ዕዳው በካሣው ከተከፈለ ባለመኪናው ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 4,000,000 ብር የሚያወጣ አይሱዙ የጭነት መኪና አለው፤ ከብድሩ ያልተከፈለው 1,900,000 ብር ነው፤ የዓመቱ ዓረቦን 80,000 ብር ነው ተብሎ ይታሰብ። መኪናው ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወርድ ፍሬን አጥቶ ተገልብጦ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ዋስትናው የጸና ከሆነና በውሉ መሠረት ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው መነሻ፣ በተለምዶ ኤክሰስ የሚባለው፣ 40,000 ብር ከሆነ፣ መድን ሰጪው ከ3,960,000 ብር ውስጥ 1,900,000 ብሩን ለባንኩ፣ 2,060,000 ብሩን ለነጋዴው ይከፍላል። ነጋዴው ከዕዳ ወጥቶ ለሌላ መኪና መነሻ ይዞ ይቀራል። መድኑ ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት አልቆ ከሆነ ግን፣ የ4,000,000 ብሩ መኪና ጠፍቷል፤ በወር በወሩ ገንዘብ ያመጣ የነበረው ሥራ ቆሟል፤ የ1,900,000 ብሩ ዕዳ ከነወለዱ አንድ ብር ሳይጎድል እንዳለ ነው። ከብረቱ ሽያጭ የሚገኘው ጥቂት ገንዘብ የመኪናውን ማንሻ ዋጋ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተበዳሪ የሚይዘውን የተሳሳተ አስተያየት ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይኸውም መያዣው ከጠፋ ዕዳውም ይጠፋል የሚል ነው። ዕዳው የሰው ዕዳ እንጂ የመኪናው ዕዳ አይደለም። መኪናው ቢጠፋ አበዳሪው ወደ ተበዳሪው ሌላ ሀብት፣ በተጨማሪ መያዣነት ወደ ተሰጠው ቤት፣ ከዚያም ወደ ዋሱ ይሄዳል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ በውሉ ይህ ሥልጣን ተሰጥቶት እንደ ሆነ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። የዋሱ ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በዚህ አገር ሰው ለወንድሙ፣ ለአጎቱ ልጅ ወይም ለጎረቤቱ ዋስ የሚሆነው ዝምድናን አክብሮ ነው፤ ፊርማውን ሲያኖርም ስለ መኪናው መድን የሚጠይቅ እምብዛም ነው። የአንድነት ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ግን አበዳሪው ዋናውን ባለዕዳ ሳይከስ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። እንግዲህ የመኪናው ባለቤት 80,000 ብር ለመቆጠብ ሲል መድኑን ቢያስቀር፣ በአደጋ ላይ የጣለው የራሱን ሀብት ብቻ ሳይሆን የዘመዱን ቤት ጭምር ነው። ዋስ የሆነ ሰው በየዓመቱ የታደሰውን ፖሊሲ ግልባጭ እንዲያሳየው ባለመኪናውን ቢጠይቅ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም።

አደጋ ባይደርስስ? ያን ጊዜም ቢሆን መድኑን ማስቋረጥ ያለ ዋጋ አይቀርም። በብድር ውሎች እንደ ተለመደው፣ ተበዳሪው መድኑን ካላደሰ ባንኩ ራሱ አድሶ ዓረቦኑን ከተበዳሪው ሒሳብ ላይ ይቀንሳል፤ በሒሳቡ ገንዘብ ከሌለም በብድሩ ላይ ደምሮ ወለድ ይቆጥርበታል። ለወርኃዊ ክፍያ ተብሎ የገባው ገንዘብ በዚህ ምክንያት ቢጎድል፣ በየወሩ ሲከፍል የኖረው ሰው ሳያውቀው ክፍያ ያሳለፈ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካም አበዳሪው በተበዳሪው ስም የሚገዛው እንዲህ ያለ መድን የታወቀ ነው፤ ተበዳሪው ራሱ ከሚገዛው ይልቅ ውድ ሆኖ የሚጠብቀው ግን በይበልጥ የአበዳሪውን ገንዘብ ነው። ባንኩ አድሶልኛል ብሎ መተማመንም አደገኛ ነው፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ «ባንኩ ሊያድስ ይችላል» ይላል እንጂ «ያድሳል» አይልም። ባንኩ ሳያድስ ቀርቶ መኪናው ቢወድም ተጠያቂው ያው ባለመኪናው ነው። ከዚህም በላይ መድን አለማደስ በራሱ የብድሩን ውል ማፍረስ ሆኖ ሊቆጠርና አበዳሪው ቀሪውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ መብት ሊሰጠው ይችላል።

ባጃጆችን በሚመለከት ነገሩ ጥቂት ይለያል። አንዳንዱ ባጃጅ በብድር ሳይሆን በካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥርዓት የሚገኝ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ተከራዩ እየሠራ እየከፈለ የመጨረሻውን ክፍያ ሲፈጽም ንብረቱ ፈጽሞ የእርሱ ይሆናል። ቢሆንም መድን የመግባቱ ሸክም በውሉ በተከራዩ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ውሉን አንብቦ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያድስ ማረጋገጥ ይገባል።

ሰዎች መድን የሚያስቋርጡት ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም። በክረምት ባሮ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ የዓረቦኑ ቀን በዚያ ወራት ከዋለ ገንዘቡ አይገኝም። «መኪናው ቆሞ ሳለ ለምን እከፍላለሁ» የሚለው አነጋገር የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የቆመ መኪና ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፣ ጎርፍም ይወስደዋል። ሌላው ምክንያት የቀን አቆጣጠር ስሕተት ነው፤ ይህም ከሚገባው በላይ የተናቀ ነገር ነው። የመድን ፖሊሲ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛና በአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ነጋዴው ግን መዝገቡን የሚይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በፖሊሲው ላይ የማብቂያው ቀን 5/11 ተብሎ ቢጻፍና ዓመተ ምሕረቱን ሳያስተውል ቀኑንና ወሩን ብቻ የተመለከተ ሰው ሐምሌ 5 ነው ብሎ ቢያስብ፣ እውነተኛው ቀን ጥቅምት 26 ስለ ሆነ ከስምንት ወር በላይ ያለ መድን ይነዳል። የሱቁ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ፖሊሲው በመጣበት ዕለት ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ፣ ከማብቂያው 30 ቀን ቀደም ብሎ ያለውን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ቢያሰምር ይህ ሁሉ ይቀራል።

ያለቀ መድን ሲታደስም እንደ ቀድሞው አይታደስም። መድን ሰጪው ውሉን እንደ አዲስ ሊቆጥረውና መኪናውን እንደገና መርምሮ ሊቀበል ይችላል፤ ያለ አደጋ ለቆየ ደንበኛ የሚሰጠው የዓረቦን ቅናሽም ሊቀር ይችላል። ከአደጋ በኋላ ሮጦ ሄዶ በወደ ኋላ ቀን መድን ለመግባት የሚሞክር ሰው ቢኖር፣ ካሣውን ከማጣቱም በላይ በማታለል ሊከሰስ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የመድን ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ሳይተካ እስከ ዛሬ የሚሠራ ሲሆን፣ መድን ገቢው የሚያውቀውን ነገር ሆን ብሎ ቢደብቅ ወይም ሐሰት ቢናገር ውሉ ፈራሽ እንዲሆን ይደነግጋል።

መድኑን በጊዜው ማደስ ብቻ ግን አይበቃም፤ በስንት ብር ታደሰ የሚለውም ጥያቄ አለ። በተለይ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ስለ ተለወጠ፣ መኪናውን በተገዛበት ዋጋ ብቻ እያደሰ የሚኖር ሰው ሳያውቀው ግማሽ መድን ይዞ ይሄዳል። ንብረት ከዋጋው ባነሰ ገንዘብ መድን ከተገባለት፣ ለጎደለው ልክ ባለቤቱ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቆጠራል። ለምሳሌ 4,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ2,400,000 ብር ብቻ መድን ተገብቶለት 500,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት፣ የመድኑ ልክ ከዋጋው ከመቶ 60 ስለ ሆነ ካሣው 300,000 ብር ነው፤ 200,000 ብሩን ከኤክሰሱ ጋር ባለመኪናው ይከፍላል። በአንጻሩ ከዋጋው በላይ መድን መግባት ትርፍ የለውም፤ ሕጉ ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳያልፍ ይከለክላልና።

ለጋምቤላ ባለመኪና በልዩ ሊታይ የሚገባው ደግሞ ፖሊሲው ምን ምን እንደማይሸፍን ነው። ጎርፍ፣ እንዲሁም ብጥብጥና የፖለቲካ ሁከት፣ ብዙ ጊዜ በመሠረታዊው ፖሊሲ የማይገቡና በተጨማሪ ዓረቦን ብቻ የሚገኙ ናቸው። በወንዝ ዳር ለምትኖር ከተማ፣ ጸጥታዋም በየጊዜው ለሚፈተን አካባቢ፣ እነዚህን ሁለት መጨመር ከቅንጦት ሊቆጠር አይችልም። የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ለመኪናው ዓይነት የማይበቃ ቢሆን፣ ወይም በጭነት መኪና ላይ ሰው ተሳፍሮ ቢገኝ ካሣ ሊከለከል እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

የሦስተኛ ወገኑ መድን ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከባንክ ያልፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሲጸና መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ካሣ ያገኛል፤ ፈንዱ ግን የከፈለውን ከባለመኪናው መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ያለ መድን ሰው የገጨ ባለመኪና ለባንኩ፣ ለተጎጂውና ለመንግሥት በአንድ ጊዜ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

ዓረቦኑን ለመክፈል ገንዘብ ያጠረው ሰው ምን ያድርግ? ቀኑ ሳያልፍ ወደ አበዳሪው ቅርንጫፍ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት ይሻላል። ባንኩ ዓረቦኑን ከፍሎ በብድሩ ላይ ቢደምር፣ ወለዱ ቢታሰብም፣ መኪናው ያለ ዋስትና አንድ ቀን ከሚያድር ይህ ይመረጣል። ወደ መድን ሰጪውም ቀርቦ የኤክሰሱን መጠን ከፍ አድርጎ ዓረቦኑን ማስቀነስ፣ ወይም ለአጭር ጊዜ ውል መግባት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የወር ገቢውን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ የዓረቦኑን አንድ አሥራ ሁለተኛ በየወሩ ለብቻው ቢያስቀምጥ፣ በላይኛው ምሳሌ 6,700 ብር ያህል ማለት ነው፤ ይህም በክረምት ድንገት ከሚመጣ 80,000 ብር ይቀላል። ማንኛውም አቤቱታና ክፍያ በደረሰኝ ይሁን፤ ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድም አይዘንጋ። ከመድን ሰጪው ጋር ያልተስማማ ሰው ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላል።

የመጨረሻው የብድር ክፍያ በተፈጸመ ጊዜ ባለመኪናው ሦስት ነገር ሳያስፈጽም ከባንኩ ቢወጣ ሥራው ገና ነው፤ ይኸውም ዕዳው ስለ ማለቁ ደብዳቤ መቀበል፣ በዚሁ ደብዳቤ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተመዘገበውን እገዳ አስነሥቶ ሊብሬውን መረከብ፣ እንዲሁም ፖሊሲው ላይ የነበረውን የባንኩን ሐረግ ማሰረዝ ነው። ይህ ሐረግ ሳይሰረዝ ቆይቶ አደጋ ቢደርስ፣ የካሣው ቼክ ዕዳ በሌለበት ባንክ ስም ይጻፍና ባለመኪናው የራሱን ገንዘብ ለማስለቀቅ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል።